ሰም፣ ወርቅና ሜታፎር
የሥነ ጽሑፍ ስያሜዎች ጉዞ ከቅኔ ቤት እስከ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት

ማናቸውም ሙያ የራሱ ስያሜ አለው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ የሚኖር ገበሬ ልጁን እርሻ ሲያስለምድ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሞፈሩን ከቀንበሩ፣ እርፉን ከድግሩ፣ ወገሉን ከማረሻው በስም ለይቶ እንዲያውቅ ያደርገዋል። የዕቃውን ስም የማያውቅ ልጅ የተበላሸው የትኛው እንደሆነ ሊናገር፣ የሚጠገነውንም ሊጠይቅ አይችልም። ስያሜ የዕውቀት ጌጥ ሳይሆን የሥራ መያዣ ነው።

በሥነ ጽሑፍ ትምህርትም ነገሩ እንዲሁ ነው። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግጥም አንብቦ ልቡ ሊነካ ይችላል፤ ነገር ግን ልቡን የነካው ምን እንደሆነ፣ ገጣሚውም በምን ዘዴ እንደነካው ለባልንጀራው ሊያስረዳ ቢፈልግ ስያሜ ያስፈልገዋል። ይህ ስያሜ ከወዴት መጣለት? በምዕራብ ጎጃም ያለው ተማሪ በእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ «ሲሚሊ»፣ «ሜታፎር»፣ «አይረኒ» ሲል፣ በአማርኛው ክፍለ ጊዜ «ተነጻጻሪ»፣ «ተለዋጭ»፣ «ምጸት» ይላል፤ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ደግሞ አያቱ ወይም የደብሩ መሪጌታ «ሰምና ወርቅ»፣ «ኅብር»፣ «ውስጠ ወይራ» ሲሉ ይሰማል። ሦስት ቤት ስያሜ አለው ማለት ነው። እነዚህ ሦስት ቤቶች ግን ብዙ ጊዜ እርስ በርሳቸው አይጠያየቁም። እንዴት እንደተለያዩና መለያየታቸውም ምን እንዳስከፈለ መመርመር ለእንግሊዝኛውም ሆነ ለአማርኛው መምህር የሚጠቅም ታሪክ ነው።

ስያሜ የሞላበት አገር

ጎጃም በቅኔ ትምህርት የታወቀ አገር ነው። ስማቸው ከሚጠራው የቅኔ ስልቶች መካከል የዋድላው በወሎ ሲሆን፣ የጎንጅና የዋሸራው በጎጃም ናቸው። የሊቃውንቱ ትውፊት የቅኔን መምህርነት ከዮሐንስ ገብላዊና ከተዋነይ ስም ጋር ያያይዘዋል፤ የተዋነይም ስም ከጎንጅ ጋር ተያይዞ ሲነገር ኖሯል። «ተዋነየ» በግዕዝ «ተጫወተ» ማለት ነው። ዛሬ በትምህርት ቤት «ተውኔት»ና «ተዋናይ» የሚባሉት ቃላት ከዚሁ ግሥ የተገኙ መሆናቸውን ልብ ላለ ሰው፣ የጥንቱ የቅኔ መምህር ስምና የዘመኑ የመድረክ ስያሜ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው።

በቅኔ ቤት ተማሪው አስቀድሞ ግሥ ያወጣል፤ ርባ ቅምር ይማራል፤ አገባብ ያጠናል። ከዚያም ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ሲሰማ ያርማል፤ የላላውን ያጠብቃል፤ ምሥጢር ያነሰውን ይመልሳል። መንገዱ ደረጃ በደረጃ የተመጠነ ነው። ጉባኤ ቃና 2 ቤት፣ ዘአምላኪየ 3 ቤት፣ ክብር ይእቲ 4 ቤት፣ ዋዜማ 5 ቤት፣ ሥላሴ 6 ቤት፣ መወድስ 8 ቤት ነው። ተማሪው ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲወጣ የሚሸከመው ሐሳብም አብሮ ይሰፋል። እያንዳንዱ ዓይነት ስም አለው፤ እያንዳንዱ ስምም ልክ አለው።

ከልኩ ሌላ የመንገዱ ስም አለ። ሰሙና ወርቁ ሁለቱም በስማቸው ተጠርተውና ተዛርፈው ጎን ለጎን ሲቆሙ ሰምና ወርቅ ይባላል። አንድ ቃል ብቻውን ሁለት ፍቺ ሲሸከም ኅብር ይባላል። ከላይ የሚታየው ሌላ፣ ከውስጥ ያለው ጠንካራው ነገር ሌላ ሲሆን ውስጠ ወይራ ይባላል። አንዱ ታሪክ በሌላው ትይዩ ቆሞ ሲታይ አንጻር ይባላል። ስለዚህ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ቁራሽ እየለመነ የተማረ የቆሎ ተማሪ የአንድን ግጥም አሠራር ለመተንተን የሚያስችል የተሟላ የስያሜ ሀብት ነበረው ማለት ይቻላል። ይህም ሀብት በመጽሐፍ የተቀመጠ ብቻ አልነበረም፤ በየዕለቱ የሚሠራበት፣ በእያንዳንዱ አዲስ ቅኔ ላይ የሚፈተን መሣሪያ ነበር።

ይህ ትምህርት ለዘመናዊው ትምህርት ቤት አንድ ትልቅ ነገር አበርክቷል፤ የሰዋስው ስያሜዎችን። «ባለቤት»፣ «ተሳቢ»፣ «ቅጽል»፣ «ማሰሪያ አንቀጽ» የሚሉት ቃላት ከግዕዝ ሰዋስው ትምህርት ወጥተው በአማርኛ የሰዋስው መጻሕፍት ገብተዋል። የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ ትውልድ ያስተማረ ሲሆን፣ የቅኔ ቤቱን ስያሜ ለአዲሱ ተማሪ ካሻገሩት ድልድዮች አንዱ ነው። በኋላ ዘመን የእንግሊዝኛ መምህር የዓረፍተ ነገርን ክፍሎች ሲያስረዳ «ባለቤቱ የቱ ነው?» ብሎ በአማርኛ ሲጠይቅ፣ ሳያውቀው የቅኔ ቤቱን ቃል ይዋስ ነበር። የሰዋስው ስያሜ እንዲህ ሲሻገር፣ የሥነ ግጥሙ ስያሜ ግን በአብዛኛው እዚያው ቀረ። ኅብርና ውስጠ ወይራ እንደ «ባለቤት» የሁሉም ክፍል ቃል አልሆኑም።

ከዘጌ እስከ ሮም፤ «ልብ ወለድ»

አዲሱ ሥነ ጽሑፍ ሲመጣ አዲስ ስያሜ አስፈለገ። ከእነዚህም ሁሉ የዕድሜ ባለጸጋውና የታወቀው «ልብ ወለድ» ነው። በጣና ዳርቻ በምትገኘው በዘጌ የተወለደው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 በሮም ያሳተመውን መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብሎ ሰየመው። መጽሐፉ በኋላ «ጦቢያ» በሚለው ስም ቢታወቅም፣ የመጀመሪያው ስሙ ግን ከመጽሐፉ ተለይቶ ወጥቶ የዓይነቱ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። የአንድ መጽሐፍ አርእስት የአንድ ሙሉ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ስም መሆኑ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አይደለም።

የስያሜውን ጥበብ ማየት ይገባል። አፈወርቅ በውጭ አገር የኖረ፣ የአውሮፓ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ «ሮማንስ» ወይም «ኖቬል» የሚለውን ቃል እንዳለ ማምጣት ይችል ነበር። እርሱ ግን ሰው ሁሉ የሚያውቃቸውን ሁለት ቃላት አጋጠመ፤ ልብ የወለደው ታሪክ። የቃሉ ፍቺ በቃሉ ውስጥ ስላለ አስረጂ አያሻውም። በማንኩሳ ገበያ ያለ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ «ልብ ወለድ ነው» ቢባል፣ ነገሩ ከልብ የወጣ እንጂ በዓይን የታየ አለመሆኑን ወዲያው ይረዳል።

ሌላው መንገድ የውጭውን ቃል እንዳለ መውሰድ ነበር። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት ሲጽፉ በአርእስቱ «ፋቡላ»ና «ኮሜዲያ» የሚሉትን ቃላት አስገቡ። «ኮሜዲ»ም ሆነ «ትራጄዲ» እስከ ዛሬ ከአማርኛ አልወጡም። እንግዲህ ከጅምሩ አንሥቶ ሁለት መንገዶች ነበሩ፤ አንዱ ከቤት ማውጣት፣ ሁለተኛው ከውጭ ማምጣት። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ሁሉ በእነዚህ ሁለት መንገዶች መካከል መመላለስ ነው።

እንግሊዝኛ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት

ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ እንግሊዝኛ ቀድሞ ፈረንሳይኛ የነበረውን ስፍራ ይዞ የዘመናዊው ትምህርት ዋና ቋንቋ ሆነ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን፣ የሁለተኛ ደረጃው ግን በእንግሊዝኛ ቀጠለ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ይህን አልለወጠውም። ስለዚህ የገበሬው ልጅ ከገጠሩ ትምህርት ቤት ወጥቶ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ አዲስ ከተማ፣ አዲስ የቤት ኪራይ ኑሮና አዲስ የማስተማሪያ ቋንቋ በአንድ ጊዜ ይገጥሙት ነበር። የስንቅ በሶውንና ቂጣውን በየሳምንቱ ከቤቱ እየተሸከመ የሚማረው ተማሪ፣ «ሜታፎር» የሚለውን ቃል ሲሰማ ቃሉም ቋንቋውም ከተማውም እንግዳ ነበሩበት።

አስተማሪዎቹም ብዙ ጊዜ ከሩቅ የመጡ ነበሩ። በዚያን ዘመን በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብዙ ሕንዳውያን መምህራን ነበሩ። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ወደ 300 የሚጠጉ የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት ገብተው በየጠቅላይ ግዛቱ ተሠማሩ። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ልኮ እንዲያስተምሩ አደረገ። እነዚህ ሁሉ ብዙ ደክመዋል፤ ብዙም ጠቅመዋል። ከውጭ የመጣው መምህር ግን በክፍሉ ፊት ከተቀመጡት ልጆች መካከል ጉባኤ ቃና ቆጥሮ የመጣ የቀድሞ የቆሎ ተማሪ ሊኖር እንደሚችል የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ተማሪውም የቅኔ ዕውቀቱን በእንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ የሚያወጣው ገንዘብ አድርጎ አልቈጠረውም። የቤተ ክህነቱ ዕውቀት ከደጅ ቀረ፤ የክፍሉ ዕውቀት በደብተር ላይ ቀረ።

ከዚህም የተነሣ የስያሜ ትምህርት በአያሌው የቃል ጥናት ሆነ። ተማሪው የስያሜዎቹን ዝርዝር ከፍቺያቸው ጋር ይገለብጣል፤ ለፈተና ያጠናል፤ ከፈተናው በኋላ ይረሳዋል። የተረሳው ግን ችሎታ ስላልነበረው አይደለም። በሠርግም በልቅሶም፣ በፍከራም በቀረርቶም፣ ንግግርን አጥፎ መናገርና የታጠፈውን ዘርግቶ መስማት ያደገበት ነገር ነው። የጎደለው በሚያውቀው ነገርና በተሰጠው ስም መካከል የሚዘረጋ ድልድይ ነበር።

በግዕዝ አንገት የተቀጠሉ አዲስ ቃላት

ድልድዩን ለመሥራት የሞከሩት በአማርኛ በኩል የነበሩ ምሁራን ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት በአማርኛ እየተስፋፋ ሲሄድ፣ የእንግሊዝኛውን ስያሜ በአማርኛ የሚተካ ቃል የግድ ሆነ። በዚህ ረገድ ስማቸው ከሚነሡት አንዱ ገጣሚው ደበበ ሰይፉ ነው፤ ዛሬ በየክፍሉ የሚነገሩ እንደ «ገጸ ባሕርይ»ና «መቼት» ያሉ ቃላት ለእርሱ ይሰጣሉ። በኋላም የፈቃደ አዘዘ «የሥነ ቃል መምሪያ» በ1991 ዓ.ም.፣ የዘሪሁን አስፋው «የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን» በ1992 ዓ.ም.፣ የብርሃኑ ገበየሁ «የአማርኛ ሥነ ግጥም» በ1999 ዓ.ም. ታትመው ስያሜዎቹን አጽንተዋቸዋል።

አዲሶቹ ቃላት የተሠሩበት ዘዴ የሚደነቅ ነው። «መቼት» መቼና የት የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች አጋጥሞ የድርጊቱን ጊዜና ቦታ በአንድ ቃል ይይዛል። «አያዎ» አይና አዎ ተጋጥመው፣ በአንድ አፍ እምቢታንና እሺታን የሚናገር አባባልን ይሰይማል። «እንቶኔ» ከሰፈር ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን፣ በፊቱ የሌለውን ወይም የማይሰማውን ነገር እንደሚሰማ አድርጎ የመጥራት ዘይቤ ስም ሆኗል። «ሰውኛ» እንደ «አማርኛ»ና «ግዕዝኛ» ሁሉ፣ ግዑዙ ነገር የሰውን ጠባይና አነጋገር እንዲይዝ ማድረግን ያመለክታል።

ሌሎቹ ደግሞ በግዕዝ የዘርፍ አያያዝ የተሠሩ ናቸው፤ ሥነ ጽሑፍ፣ ሥነ ግጥም፣ ሥነ ቃል፣ ገጸ ባሕርይ፣ ቃለ ተውኔት። የፊተኛው ቃል የመጨረሻ ድምፅ ወደ ግዕዝ ይመለስና ኋለኛውን ቃል ይይዛል። ይህን የአሠራር ዘዴ ለማስረዳት የፍኖተ ሰላም መምህር ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ የከተማው ስም ራሱ ማስረጃ ነው። ፍኖት መንገድ ነው፤ ፍኖተ ሰላም የሰላም መንገድ ነው። ሥን ውበት ነው፤ ሥነ ጽሑፍ የጽሑፍ ውበት ነው። ተማሪው ያደገበትን ከተማ ስም መፍታት ከቻለ፣ በመጽሐፉ ያሉትን አብዛኞቹን ስያሜዎች መፍታት ይችላል።

ሆኖም ስያሜ በዘመን ውስጥ ሲጓዝ የዘመኑን አቧራ ይሸከማል። «ዘይቤ» በመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት በአብዛኛው የንባቡን ቃል በቃል ፍቺ የሚያመለክት ሲሆን፣ ከዚያ ባሻገር ያለው ምሥጢር ይባል ነበር። በዘመናዊው ክፍል ግን «ዘይቤያዊ» ማለት ቃል በቃል ያልሆነ ማለት ሆኗል፤ ስያሜው ከወንዙ ማዶ ተሻግሮ ተቀመጠ። «ሂስ» ደግሞ በግዕዝ ነቀፋን የሚያስታውስ ቃል ነው። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ «ሂስና ግለ ሂስ» የስብሰባ ቋንቋ ሲሆን፣ ቃሉ ከመጽሐፍ ይልቅ ሰውን የሚመረምር ሆኖ በብዙዎች ልብ ፍርሃት አሳደረ። በዚያ ዘመን ያደገ ተማሪ «በዚህ ግጥም ላይ ሂስ ስጥ» ሲባል ጉድለት መፈለጉ የሚያስገርም አይደለም። ውበትንም መግለጥ የሐያሲ ሥራ መሆኑን ለማስተማር አስቀድሞ የቃሉን አቧራ ማራገፍ ያስፈልጋል።

እንግሊዝኛም ተበድሯል

ብዙ ተማሪዎች የእንግሊዝኛው ስያሜ የእንግሊዝ ተፈጥሮ ሀብት ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። «ሜታፎር» የግሪክ ቃል ሲሆን አሻግሮ መውሰድ ማለት ነው። «ሃይፐርቦሊ»ም የግሪክ ነው፤ ከዒላማ አልፎ መወርወር ማለት ነው። «ሲሚሊ» ከላቲን የመጣ ሲሆን መመሳሰልን ያመለክታል። «ስታንዛ» ደግሞ በኢጣልያንኛ ክፍል ወይም ማደሪያ ማለት ነው። በዚህ ላይ አንድ መልካም አጋጣሚ አለ፤ የቅኔ ሊቃውንትም የግጥሙን መስመር «ቤት» ይሉታል፤ የመስመሮች መጨረሻ ሲገጣጠምም «ቤት መታ» ይባላል። ኢጣልያዊውም የጎጃም መሪጌታም ሳይመካከሩ ግጥምን የሰው ማደሪያ አድርገው አይተውታል።

እንግሊዛውያንም በአንድ ወቅት የራሳቸውን ስያሜ ለማውጣት ደክመዋል። ጆርጅ ፑተናም እ.ኤ.አ. በ1589 በታተመው የግጥም ጥበብ መጽሐፉ የግሪኩንና የላቲኑን ስያሜ በእንግሊዝኛ ለመተካት ሞከረ። አይረኒን ደረቅ ሽሙጥ፣ ሃይፐርቦሊን ከልክ አላፊ ወይም ጯኺ ውሸታም፣ አለጎሪን ሐሰተኛ መልክ በሚል ዓይነት ስም ጠራቸው። ስሞቹ ሕያውና አስቂኝ ነበሩ፤ ግን አልጸኑም፤ የተማረው ወገን የግሪኩን ቃል ይዞ ቀጠለ። ደበበ ሰይፉና ባልደረቦቹ በአማርኛ ያደረጉት ሙከራ ግን ሰምሯል። «መቼት» ዛሬ የማንም ፈጠራ መሆኑ ተዘንግቶ፣ ከጥንት የነበረ ቃል ይመስላል። አማርኛ በዚህ ረገድ እንግሊዝኛ ያላገኘውን ዕድል አግኝቷል ማለት ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ የበለጠ ትምህርት የሚሰጥ ሌላ ነገር አለ። የእንግሊዝ ሊቅ አይ. ኤ. ሪቻርድስ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ በሜታፎር ውስጥ ያሉትን ሁለት ወገኖች ለይቶ ስም አወጣላቸው፤ የሚገለጸውን ሐሳብ «ቴነር»፣ ሐሳቡን የሚሸከመውን ምስል «ቪሂክል» አላቸው። ሁለቱን ለይቶ የሚጠራ ስም ባለመኖሩ ብዙ ክርክር ተደባልቆ እንደኖረም አስረዳ። የጎጃም የቅኔ ተማሪ ግን ይህን ልዩነት ከጥንት ጀምሮ በሁለት አጫጭር ቃላት ያውቀው ነበር። ቪሂክሉ ሰሙ ነው፤ ቴነሩ ወርቁ ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 መጽሐፉን «ሰምና ወርቅ» ብሎ ሲሰይም ይህ ስያሜ በዓለም ምሁራን ዘንድ ታወቀ።

የማይገጣጠመው ስፍራ

ይሁንና ድልድይ ሲሠራ ሁለቱ ዳርቻዎች አንድ ናቸው ማለት አይደለም። «ሜታፎር ማለት ሰምና ወርቅ ነው» ብሎ ማለፍ ሁለቱንም ያበላሻል። ለማብራሪያ ያህል እንዲህ ያለ ስንኝ ቢገጠም፦

ልጄ እርሻ ወጥቶ ምን ነው የሠወረው፣
እርፉንም አስጥሎ ቡሬ ነው ያስቀረው።

በላይ በላዩ ሲሰማ ዝንጉርጉሩ በሬ፣ ቡሬው፣ አልገራ ብሎ ልጁን እርፍ አስጥሎ አስቸግሮታል። በውስጡ ግን ቡሬ ከተማው ነው፤ ልጁ ለትምህርት ሄዶ በዚያው ቀርቷል፤ ተናጋሪውም ረዳቱን ያጣ አባት ነው። ይህ በቅኔ ቤት ስም ኅብር ነው፤ አንዱ ቃል ሁለት ፍቺ ተሸክሟልና። በእንግሊዝኛው ስም ግን «ሜታፎር» አይደለም፤ «ፐን» የሚባለው ነው። የእንግሊዝኛው «ፐን» ብዙ ጊዜ ለሣቅ የሚነገር የቃል ጨዋታ ሲሆን፣ የጎጃሙ ኅብር ግን ኀዘንንም ሥጋትንም ምክርንም ሊሸከም ይችላል። ዊልያም ኤምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1930 ስለ ሰባት ዓይነት የቃል አሻሚነት በጻፈው መጽሐፉ፣ ድርብ ፍቺ የግጥም እንከን ሳይሆን ኃይል መሆኑን ለእንግሊዝኛ አንባቢ ለማሳየት ደክሟል። ይህ ክርክር በዋሸራ አያስፈልግም ነበር።

የምጣኔውም ነገር እንዲሁ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ስንኝ በእያንዳንዱ መስመር 6 በ6 የሆነ 12 ቀለም ያለው ሲሆን፣ ይህ ልክ የወል ቤት ይባላል። የእንግሊዝኛው ግጥም ግን የሚለካው ቀለሙ ሲጠብቅና ሲላላ በሚያሰማው ምት ነው። ተማሪው የአማርኛውን ቀለም በጣቱ እንደሚቆጥር የእንግሊዝኛውን ቢቆጥር ይሳሳታል። ጥፋቱ ግን የእርሱ አይደለም፤ ሁለቱ ቋንቋዎች በሁለት ሚዛን እንደሚመዝኑ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባ ነበር። ስያሜን በስያሜ መተካት ሲበቃ፣ የማይተካውን ለይቶ ማሳየት ይጀምራል፤ ጥሩ መምህርም የሚታወቀው በዚህ ነው።

ምሳሌው በደጅ ነው

የምዕራብ ጎጃም መምህር ለእነዚህ ስያሜዎች ምሳሌ ፍለጋ ወደ ሎንዶን መሄድ አያሻውም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን የሚጀምረው በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ካለችው ከማንኩሳ ነው። ተማሪው በአውቶቡስ ሲያልፍ በመስኮት የሚያያት መንደር የታላቅ ልብ ወለድ መቼት መሆኗን ሲረዳ፣ «ሴቲንግ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ድንገት ምድር ይይዛል። ዋናው ገጸ ባሕርይ በዛብህ የቅኔ ተማሪ ነው፤ ስለዚህ መጽሐፉ ራሱ ስለ ቅኔ ቤትም ምስክር ነው። በገበሬዎቹ ላይ ሊዘምቱ ወጥተው ራሳቸው የሚማረኩት ፊታውራሪ መሸሻ የምጸት ምሳሌ ናቸው። እብድ እየተባለ ከሁሉ የበለጠ ጤነኛ ነገር የሚናገረው ጉዱ ካሣ ደግሞ በስሙና በግብሩ አያዎን ያስተምራል።

አቤ ጉበኛም ሌላ ምሳሌ ነው። በጎጃም በአቸፈር ተወልዶ በቤተ ክህነት ትምህርት አድጎ ወደ ዘመናዊው ትምህርት የገባው ይህ ደራሲ፣ በ1955 ዓ.ም. ባወጣው «አልወለድም» ገና ያልተወለደ ጽንስ እንዲናገርና እንዲከራከር አደረገ፤ መጽሐፉም ታግዷል። ይኸው ደራሲ በእንግሊዝኛም ጽፏል፤ «ዲፋያንስ» የተባለው ልብ ወለዱ እ.ኤ.አ. በ1975 ታትሟል። የቅኔ አገር ልጅ በሁለቱም ቋንቋዎች ሊጽፍ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። ከበደ ሚካኤል ሮሜዎና ዡልየትን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ ሲመልሱ ያደረጉትም ይኸው ነው፤ የሼክስፒር ሰም የአማርኛ ወርቅ እንዲሸከም አደረጉ።

የሚቀረው ሥራ

እንግዲህ ታሪኩ የሚያሳየው ሦስቱ የስያሜ ቤቶች ተለያይተው የቆሙት በተፈጥሮ ሳይሆን በአጋጣሚ መሆኑን ነው። የቅኔ ቤቱ ሲያስተምር ትምህርት ቤቱ አልሰማም፤ እንግሊዝኛው ሲገባ አማርኛው ገና ስያሜ አላወጣም ነበር፤ አማርኛው ስያሜ ሲያወጣ ደግሞ የእንግሊዝኛው መምህር በሌላ ክፍል ነበር። ዛሬ ግን ስያሜዎቹ ሁሉ አሉ። በአንድ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ የአማርኛና የእንግሊዝኛ መምህራን በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው፣ ለእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ስያሜ የአማርኛውን አቻና የቅኔ ቤቱን ዘመድ በአንድ ሰሌዳ ቢጽፉ፣ ከዚያም የሚገጥመውንና የማይገጥመውን ለይተው ቢያስረዱ፣ ሥራው ከአንድ ክረምት የሚያልፍ አይደለም። በአካባቢው ያለ የቅኔ መምህር አንድ ቀን ተጋብዞ ኅብርን ከውስጠ ወይራ ለይቶ ቢያስረዳ ደግሞ ተማሪው የማይረሳው ትምህርት ይሆናል።

ሥራው የሚዘገይ አይደለም። የቅኔ ቤት ደቀ መዝሙር እንደ ድሮው አይበዛም። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ጦርነት ደግሞ የብዙ ትምህርት ቤቶች በር ተዘግቷል፤ ብዙ ልጆችም ከደብተራቸው ተለይተዋል። በሩ ሲከፈት የሚመለሰው ተማሪ ያየውንና የደረሰበትን ሊናገር ይፈልጋል። ያን ጊዜ ስያሜው የፈተና ዝርዝር አይሆንበትም፤ የልቡን ነገር መያዣ ይሆናል። እርፍ የሌለው ማረሻ መሬት እንደማይቆፍር ሁሉ፣ ስም ያልወጣለት ስሜትም ሐሳብ ሆኖ አይወጣም። ለዚያ ተማሪ እርፉን ማስያዝ የመምህሩ ድርሻ ነው።